የፈረንሳይኛን ግስ በቀለም ከፍሎ ማንበብ

ፈረንሳይኛ የሚማር አማርኛ ተናጋሪ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ግር የሚል ነገር ይገጥመዋል። የአንድን ግስ ርባታ በደብተሩ ላይ በስድስት መስመር ይጽፋል፤ አስተማሪው ሲያነብለት ግን ከስድስቱ መስመሮች የሚሰማው ሦስት ዓይነት ድምፅ ብቻ ነው። «መናገር» የሚለው ግስ፣ በፈረንሳይኛው ፓርሌ፣ በአሁን ጊዜ ዠ ፓርል፣ ቱ ፓርል፣ ኢል ፓርል፣ ኑ ፓርሎ~፣ ቩ ፓርሌ፣ ኢል ፓርል እየተባለ ይረባል (የ~ን ትርጉም ከታች እገልጻለሁ)። በጽሑፍ አምስት የተለያዩ ቅርጾች አሉት፤ ለጆሮ ግን ፓርል፣ ፓርሎ~ እና ፓርሌ ናቸው፣ ሌላ የለም።

ስሕተታችን የሚጀምረው ከራሳችን ቋንቋ ልማድ ነው። «እናገራለሁ»፣ «ትናገራለህ»፣ «ይናገራሉ» ስንል ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግሱ ራሱ ከፊትም ከኋላም ስለሚያሰማ፣ «እኔ» ወይም «እነሱ» የሚለውን ተውላጠ ስም ብንተወው ምንም አይጎድልም። ፈረንሳይኛ ግን ይህን ሥራ በአብዛኛው ለተውላጠ ስሙ አስረክቦ የግሱን ጫፍ ለዓይን ብቻ ትቶታል። እኔም ስጀምር የብዙ ቁጥሩን ግስ «ኢል ፓርለንት» ብዬ እስከ መጨረሻዋ ፊደል ድረስ በልበ ሙሉነት አንብቤ፣ ክፍሉ በሳቅ ሲሞላ ምን እንዳጠፋሁ ለማወቅ ጊዜ ወስዶብኛል። የጻፉትን ሁሉ አነበብኩ እንጂ ምን አጠፋሁ ብዬ ነበር።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት በምልክቶቹ እንስማማ። የላቲን ፊደላትን በፈረንሳይኛ ስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ ኧ፣ ዴ፣ ዤ፣ ኤል፣ ኤን፣ ኤር፣ ኤስ፣ ቴ፣ ኢክስ፣ ዜድ እያልኩ። የቃሉን ድምፅ ደግሞ በራሳችን ፊደል እጽፋለሁ። ይህች ምልክት (~) ከፊደል ቀጥላ ስትመጣ አናባቢው በአፍንጫ ጭምር ይወጣል ማለት ነው፤ ምላስ የላይኛውን ድድ እንደ «ን» አይነካም። ጭረቷ (-) ቀለምን ከቀለም ትለያለች። ቀለም የምለው በአንድ የአፍ እንቅስቃሴ የሚወጣውን፣ አንድ አናባቢ ብቻ ያለውን የድምፅ ክፍል ነው። ቱ እና ዱ ብዬ የምጽፋቸው ላይ ያለው አናባቢ አማርኛ የለውም፤ ምላስን «ኢ» ለማለት አዘጋጅቶ ከንፈርን እንደ «ኡ» በማሞጥሞጥ ይገኛል። የፈረንሳይኛው ኤርም ከጉሮሮ የሚወጣ ነው፤ ለቀለም ቆጠራ ግን ለውጥ ስለማያመጣ እዚህ «ር» እያልኩ አልፈዋለሁ።

ቀለም መቁጠርን በተመለከተ አማርኛ አንባቢ ከሚያስበው በላይ የተዘጋጀ ነው። «ብርድ» እና «ክብር» ሁለቱም ሦስት ፊደል፣ ሦስቱም ሳድስ ናቸው፤ ግን «ብርድ» አንድ ቀለም ሲሆን «ክብር» ሁለት ነው። «ትምህርት» አምስት ፊደል ይዞ የሚሰማው በሁለት ቀለም ነው፦ ትም-ህርት። ሳድስ አንዳንዴ አናባቢ እንዳለው፣ አንዳንዴ እንደሌለው ሳናስበው እየለየን አድገናል። የፈረንሳይኛው ኧ የሚባለው ፊደልም ጠባዩ እንደዚሁ ነው፤ አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። ስለዚህ እኔ የምመክረው ዘዴ ቀላል ነው፦ ኧ ሲሰማ በግዕዝ ፊደል፣ ሲጠፋ በሳድስ ይጻፍ። «እናነሣለን» የሚለው ኑ ለ-ቮ~ ሲሆን «አነሣለሁ» የሚለው ዠ ሌቭ ነው። በመጀመሪያው ኧ ስለተሰማ ለ ተጻፈ፤ በሁለተኛው የመጨረሻው ኧ ስለማይሰማ ቭ ሆነ። ይህን ያህል ግልጽ የሆነ የአጻጻፍ መሣሪያ ፈረንሳዮቹ ራሳቸው የላቸውም።

አንድ ግስ ሲቀርብልዎ መጀመሪያ እርሳስ ይዘው ከጫፉ የማይሰሙትን ፊደላት ይሰርዙ። የመጨረሻው ኧ፣ ከኧ ጋር የመጣ ኤስ፣ እንዲሁም በብዙ ቁጥር ግስ ጫፍ የሚመጣው ኧ-ኤን-ቴ አይሰሙም። ብቻቸውን ጫፍ ላይ የሚቆሙት ኤስ፣ ቴ፣ ዴ እና ኢክስም እንዲሁ። ኧ-ዜድ «ኤ» ይሆናል፤ በአርእስት፣ ማለትም እንደ «መናገር» ባለው የግሱ መጠሪያ ቅርጽ፣ ጫፍ ያለው ኧ-ኤርም «ኤ» ነው። ስለዚህ «መናገር»፣ «ትናገራላችሁ» እና «የተነገረ» ሦስቱም በፈረንሳይኛ ፓር-ሌ ናቸው፤ የፈረንሳይ ልጆችም የጽሕፈት ፈተና ሲፈተኑ የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው። በኢ-ኤር የሚያበቁት አርእስቶች ግን ኤርን ያሰማሉ፤ «መጨረስ» ፊ-ኒር ነው። ያላለቀ ድርጊትን በሚያሳየው የኃላፊ ጊዜ፣ «ይናገር ነበር» እና «ይናገሩ ነበር» ሁለቱም ፓር-ሌ ሲሆኑ፣ አፍ ከፓርሌው «ኤ» ትንሽ ሰፋ ይላል፤ ብዙ ፈረንሳዮች ግን ይህን ልዩነት በንግግር አይጠብቁትም።

ከእነዚህ ሁሉ ኧ-ኤን-ቴ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል፤ ምክንያቱም እነዚሁ ሦስት ፊደላት ግስ ባልሆነ ቃል ጫፍ ሲመጡ አንድ ሙሉ ቀለም ይሆናሉ። «ደስ ያለው» የሚለው ቅጽል ኮ~-ታ~ ይባላል፤ «ይተርካሉ» የሚለው ግስ በጽሑፍ ያው ራሱ ቃል ሆኖ ኮ~ት ተብሎ በአንድ ቀለም ይነበባል። ፈረንሳዮች ልጆቻቸውን ለማስተማር የሚወዷት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «የገዳሙ ዶሮዎች ታቅፈዋል»። ገዳሙ ኩ-ቫ~ ነው፣ ማቀፋቸው ኩቭ ነው፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ፊደላት ይጻፋሉ። አንባቢው ምን ዓይነት ቃል እንደሆነ ሳያውቅ ሊያነበው አይችልም። ስለዚህ እርሳስዎን ከማንሣትዎ በፊት የዓረፍተ ነገሩን ግስ ይፈልጉ።

ኧ-ኤን-ቴ በግስ ጫፍ መጥቶ የሚሰማበት ሁኔታም አለ፤ ያ የሚሆነው ግሱ ነጠላ ቁጥር ሲሆን ነው። «ይመጣል» ኢል ቭዬ~ ነው፤ «ይይዛል» ኢል ትዬ~ ነው። እዚህ ኧ ከፊቱ ካለው ኢ ጋር ሆኖ የግሱ ሥር አካል ነው፣ የብዙ ቁጥር ጫፍ አይደለም። «ያጠናሉ» የሚለው ግን ምንም እንኳ በኢ-ኧ-ኤን-ቴ ቢያበቃ፣ ኢው የሥሩ፣ የቀረው የብዙ ቁጥር ጫፍ ስለሆነ ኤ-ቱ-ዲ ብሎ ያቆማል። በኦ-ኤን-ቴ የሚያበቁት ሁሉ ግን ይሰማሉ፦ ሶ~ «ናቸው»፣ ቮ~ «ይሄዳሉ»፣ ፎ~ «ያደርጋሉ»፣ የትንቢት ጊዜ ብዙ ቁጥርም በሙሉ በሮ~ ይዘጋል።

ጫፉን ሰርዘው ሲያበቁ የቀረውን የመጨረሻ ተነባቢ ይመልከቱ። ከተሰረዘው ኧ በፊት ያለ ተነባቢ ሁልጊዜ ይሰማል፤ በፈረንሳይኛ ነጠላንና ብዙን በጆሮ የምንለየው በአብዛኛው በዚህች ተነባቢ ነው። «ይጨርሳል» ፊ-ኒ ሲሆን «ይጨርሳሉ» ፊ-ኒስ ነው። «ይሸጣል» ቫ~፣ «ይሸጣሉ» ቫ~ድ። «ይወጣል» ሶር፣ «ይወጣሉ» ሶርት። «ይተኛል» ዶር፣ «ይተኛሉ» ዶርም። «ያነባል» ሊ፣ «ያነባሉ» ሊዝ። በሁሉም ቦታ የቀለሙ ቁጥር አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመጨረሻው ቀለም መዘጋቱ ብቻ ነው። በአፍንጫ በሚወጡት ግሶች ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ይከሰታል፤ «ይመጣል» ቭዬ~፣ «ይመጣሉ» ቭዬን፤ «ይወስዳል» ፕራ~፣ «ይወስዳሉ» ፕሬን። በብዙ ቁጥሩ ምላስ ድድ ነክቶ እውነተኛ «ን» ይሰማል፣ የአፍንጫው ድምፅ ግን ይጠፋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰማት የለመደብን ስሕተት ነው።

ከዚህ በኋላ መቁረጥ ነው። በሁለት አናባቢዎች መካከል አንድ ተነባቢ ካለ ከኋለኛው ጋር ይሄዳል፦ ፊ-ኒ-ሶ~። ሁለት ከሆኑ ይካፈላሉ፦ ፓር-ሎ~፣ ረ-ጋር-ዶ~። ሁለተኛው ኤል ወይም ኤር ከሆነ ግን በአብዛኛው ከፊተኛው ተነባቢ ጋር ተጣብቆ ወደ ኋለኛው ቀለም ይገባል፦ ሞ~-ትሮ~ «እናሳያለን»፣ ኤ-ክሪ-ቮ~ «እንጽፋለን»። በሁለት ፊደል ተጽፈው አንድ ድምፅ የሚሰጡት ሸ፣ ኘ እና ፈ ፈጽሞ አይከፈሉም፤ «እናሸንፋለን» ጋ-ኞ~ ነው፣ ይህ ድምፅ ደግሞ ለኛ እንግዳ አይደለም። በመስመር ጫፍ ላይ ቃል የሚቆርጥ አታሚ ሁለት ኤስ ወይም ሁለት ኤን ሲያገኝ በመካከላቸው ይቆርጣል፤ ያ የወረቀት ሕግ ነው፣ ጆሮ ግን አንድ ተነባቢ ብቻ ነው የሚሰማው።

ስለ ድርብ ፊደላት ካነሣን፣ እኛ ማጥበቅና ማላላት ትርጉም የሚለውጥበት ቋንቋ ተናጋሪዎች ነንና «መስጠት» የሚለውን በሁለት ኤን የተጻፈ ግስ ዶን-ኔ ብለን አጥብቀን ማንበብ ይቀናናል። ትክክሉ ዶ-ኔ ነው፣ ላልቶ። ሆኖም ፈረንሳይኛ በእውነት የሚጠብቅባቸው ጥቂት ግሶች አሉ፤ እነዚህ ላይ ደግሞ ሌላው ባዕድ ተማሪ ሲቸገር እኛ እንቀድማለን። «ይሮጥ ነበር» ኩ-ሬ በአንድ ኤር ይላላል፤ «በሮጠ ነበር» ኩር-ሬ በሁለት ኤር ይጠብቃል። «መሞት» የሚለው ግስም ሙ-ሬ እና ሙር-ሬ እያለ እንዲሁ ይለያል። «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትምህርት የሚያሻው አይደለም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንምጣ፤ በቃል መካከል ያለው ኧ መቼ ይሰማል? ሞሪስ ግራሞን የተባለው ፈረንሳዊ የቋንቋ ሊቅ «የሦስት ተነባቢዎች ሕግ» ብሎ ያስቀመጠው ለጀማሪ ይበቃል። ኧ ቢጠፋ ሁለት ተነባቢዎች ብቻ የሚገናኙ ከሆነ ይጠፋል፤ ሦስት የሚገናኙ ከሆነ ይሰማል። «እሰጣለሁ» በትንቢት ጊዜ በጽሑፍ ዶ-ነ-ሬ ይመስላል፤ ኧን ብናወጣ የሚገናኙት ን እና ር ብቻ ስለሆኑ በንግግር ዶን-ሬ ይሆናል፣ ሁለት ቀለም። «እናገራለሁ» ግን ኧ ቢወጣ ር፣ ል፣ ር ሦስት ሆነው ስለሚጨናነቁ ፓር-ለ-ሬ ይላል፣ ሦስት ቀለም። «አሳያለሁ»ም በዚሁ ምክንያት ሞ~-ትረ-ሬ ነው። «በሰጠን ነበር» ለማለት በሚያገለግለው የሁኔታ ቅርጽ ከኤር ቀጥሎ የ ስለሚመጣ እንደገና ሦስት ይሞላሉ፤ ስለዚህ ኑ ዶ-ነ-ርዮ~ ይባላል፣ ለብቻው ሲሆን ጠፍቶ የነበረው ኧ ይመለሳል። «መግዛት» አሽ-ቴ ነው፣ ሁለት ቀለም፤ «እገዛለሁ» ደግሞ ዣ-ሼት፣ ኧው የመጨረሻ ቀለም ስለሆነ ሙሉ አናባቢ ሆኖ፣ በጽሑፍም ከፊደሉ ራስ ላይ ጭረት ተጭኖበት። «መጥራት»ም እንዲሁ ኑ-ዛ-ፕሎ~ እና ዣ-ፔል እያለ ይቀያየራል፤ እዚህ ግን ጭረቱን የሚተካው የኤል መደረብ ነው።

ይህ ሕግ የሰሜን ፈረንሳይና የፓሪስ ንግግር ሕግ ነው። በማርሴይና በቱሉዝ ዶ-ነ-ሬ ሲባል ቢሰሙ አይገረሙ፤ በደቡብ ኧ በብዛት ይሰማል። በጥንታዊው ግጥምም አሥራ ሁለት ቀለም ያለው ስንኝ ሲቆጠር ከተነባቢ በፊት የሚመጣ ኧ ሁሉ ይቆጠራል። ጽሕፈቱም ቢሆን አንዳንዴ አፍን ይከተላል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአጻጻፍ ማስተካከያ «እለቃለሁ» የሚለው የትንቢት ቅርጽ ሴድ-ሬ ተብሎ እንደሚነበበው ጭረቱን ለውጦ እንዲጻፍ ፈቅዷል። ጽሕፈቱ አፍን ፈጽሞ የማይከተለው ግን «እናደርጋለን» ነው፦ በአ-ኢ ተጽፎ ፈ-ዞ~ ይባላል፣ ፌ-ዞ~ ሳይሆን። ይህንን በቃል ከመያዝ ሌላ መንገድ የለውም።

ፊደል ኖሮ ቀለም የማይሆንበት ሌላ ሁኔታ ከዤ ቀጥሎ የሚመጣው ኧ ነው። «እንበላለን» በሚለው ውስጥ ያለው ኧ የገባው ዤ «ገ» እንዳይሆን ለመጠበቅ ብቻ ስለሆነ ማ~-ዦ~ ሁለት ቀለም ነው። ኢ ከአናባቢ በፊት ስትመጣ ግን ጠንቀቅ ይበሉ። «ማጋባት» ማ-ርዬ ሁለት ነው፣ ኢ ወደ የ ተለውጣ ትጣበቃለች፤ «መርሳት» ግን ኡ-ብሊ-ዬ ሦስት ነው፤ ከኢ በፊት ብ እና ል ተያይዘው ስለመጡ ኢ የራሷን ቀለም ይዛ ትቀራለች። «ትፈልጉ ይሆን?» ብሎ በትሕትና ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ቩ-ድሪ-ዬም በዚህ ምክንያት ሦስት ቀለም አለው።

እስካሁን ግሱን ለብቻው ቆረጥነው፤ ፈረንሳይኛ ግን ለብቻው አያነበውም። የመጨረሻው ተነባቢ ቀጥሎ አናባቢ ሲያገኝ ወደዚያ ቀለም ይሻገራል። «ይወዳል» ኢ-ሌም ነው፤ «ይወዳሉ» ኢል-ዜም ነው። ተውላጠ ስሙ ላይ የነበረው፣ ዝም ብሎ የቆየው ኤስ «ዝ» ሆኖ ግሱ ራስ ላይ ተቀመጠ፤ ነጠላና ብዙውን የለየውም እሱ ብቻ ነው። «አላቸው» ኢል-ዞ~፣ «ናቸው» ኢል-ሶ~፤ አንዲት «ዝ» በ«ስ» ብትተካ ያላቸው ሰዎች የሆኑ ሰዎች ይሆናሉ። በጥያቄ ግሱ ከተውላጠ ስሙ ሲቀድም ደግሞ ዝምተኛው ቴ ይነቃል፦ «ይናገራሉ?» ፓርል-ቲል። «ይናገራል?» ሲባል በጽሑፍ ቴ ስለሌለ በጭረት መካከል አንድ ያስገቡለታል፣ ድምፁ ግን ያው ፓርል-ቲል ነው። «ይሸጣል?» በዴ ይጻፋል፣ ሲያያዝ ግን ቫ~-ቲል ይሆናል። በፈጣን ንግግር ዠ እንኳ ኧዋን ጥላ «አላውቅም» ለማለት ሼ-ፓ የሚባለውን ይሰማሉ፤ ለመስማት ይወቁት፣ ለመናገር አይቸኩሉ።

ከኛ በኩል የሚመጣ አንድ ጥፋት ቀርቷል። ቃል በሁለት ተነባቢ ሲጀምር አማርኛ በመካከል የሳድስ አናባቢ ይሸጉጣል፤ «ትራፊክ» እና «ፕሮግራም» ስንል የምናደርገው ይህንኑ ነው። ፕራ~ን እንዲህ ካነበብነው አንዱ ቀለም ሁለት ይሆናል፣ ትራ-ቫይ «ይሠራሉ» ደግሞ ሦስት። ማስተካከያው ከንፈርን ለፕ ዘግቶ፣ ምላስን አስቀድሞ ለር አዘጋጅቶ፣ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ መልቀቅ ነው። አዛውንቶቻችን ከባቡሩ ጋር የመጣውን ቃል ለገሃር ሲሉ፣ እኛም ጋራዥ ስንል የፈረንሳዩን የመጨረሻ ኧ የጣልነው በጆሮ ስለተቀበልነው ነው፤ በመጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ጋራዠ እንል ነበር።

ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ እንሞክረው፦ «ቅዳሜ ይደርሳሉ፣ ዳቦ ይገዛሉ፣ አብረንም እንበላለን»፣ ሴቶች ናቸው እንበል፤ ስለዚህ ተውላጠ ስሙ ኢል ሳይሆን ኤል ነው። በጽሑፉ እያንዳንዱን ኧ ቀለም አድርጎ የሚቆጥር ሰው ሃያ ሦስት ያገኛል። እርሳሱን ተጠቅመን ስናነበው ኤል-ዛ-ሪቭ ሳም-ዲ፣ አምስት ሆነ፤ ኤል-ዛ-ሼት ዱ-ፔ~፣ አምስት ሆነ፤ ኤ-ኑ ማ~ዥ-ሮ~ አ~-ሳ~ብል፣ ስድስት ሆነ። በጠቅላላው አሥራ ስድስት ነው። ክብደቱ በየሐረጉ የመጨረሻ ቀለም ላይ ያርፋል፦ ዲ፣ ፔ~፣ ሳ~ብል፤ ሌሎቹ በእኩል ክብደት ይሮጣሉ። ጠረጴዛውን በጣትዎ አሥራ ስድስት ጊዜ እየመቱ ያንብቡት፤ አሥራ ሰባተኛ ምት ካስፈለገዎ አንድ ኧ ወይም አንድ የሳድስ አናባቢ አንድ ቦታ ሾልኳል፣ ብዙ ጊዜም የሚገኘው ሳ~ብል ጫፍ ላይ ነው።